የባልንጀራችን ጆሮ



ነቢዩ ኢሳይያስ ሊመጣ ስላለው የእግዚአብሔር አገልጋይ ሲናገር ከሰጣቸው ምልክቶች አንዱን ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፋለን። ያ አገልጋይ በጎዳና ላይ በጩኸት ራሱን የሚያሳውቅ እንደማይሆን ነቢዩ አስቀድሞ ገልጿል (ኢሳ. 42፡2)። ወንጌላዊው ማቴዎስም ጌታችን ብዙ ድውያንን ፈውሶ ስለ እርሱ እንዳያወሩ ባዘዘ ጊዜ ይህ ትንቢት እንደ ተፈጸመ ይመሰክራል (ማቴ. 12፡15-21)። ልብ እንበል፤ ነቢዩ ስለ ድምፁ ዝቅታ ከተናገረ በኋላ ወዲያው የሚያነሣው የተጎዳውን ሸምበቆና ሊጠፋ የተቃረበውን የጧፍ ክር ነው። ጌታ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ለደካማው ሲል መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ይህን ቃል በልባችን ይዘን በዲላ ከተማ ጎዳናዎች እንመላለስ። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከተማይቱን ሰንጥቆ ያልፋል። የቡናው መልቀሚያ ወራት ሲገባ፣ በተለይም ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ የጭነት መኪናው ይበዛል፤ ገንዘብ በእጅ የሚገባበት ወቅት በመሆኑም የገበያው፣ የመጠጥ ቤቱና የመናኸሪያው ወከባ አብሮ ይጨምራል። ባለ ባጃጁ የከፈተውን ሙዚቃ ለመንገደኛው ሁሉ ያድላል። ባለ ሱቁ ሞንታርቦውን ከደጃፉ ተክሎ ገዢውንም አላፊ አግዳሚውንም እኩል ያደነቁራል። ኳስ የሚታይባቸው ቤቶች እስከ እኩለ ሌሊት በሆታ ይናወጣሉ። በአንዳንዱ ሰፈርም የአምልኮ ስፍራ ድምፅ ማጉያ አፉን ወደ መንደሩ አዙሮ ያድራል። ወናጎም፣ ይርጋ ጨፌም፣ ጨለለቅቱም፣ ገደብም እንደየመጠናቸው ይህን ያውቁታል። እኛ ግን ይህን የምንጽፈው ለማማረር አይደለም፤ ለማማረር ብቻ ቢሆን ከተማው ሰው አያጣም። የምንጠይቀው ከዚህ ሁሉ ድምፅ መካከል የትኛው የሰው ኑሮ፣ የትኛው ደግሞ በባልንጀራ ላይ የሚፈጸም በደል እንደ ሆነ ነው።

ጩኸት ሁሉ ኃጢአት አለመሆኑን አስቀድመን እንናገር። የገበያ ቀን ጫጫታ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። የዕድር ጡሩንባ በማለዳ ሲነፋ ማንም ሰው እንቅልፌ ተነካ ብሎ አይከስም፤ የጎረቤቱን ሞት ሰምቶ ይነሣል እንጂ። የሐዘንተኛ ልቅሶ፣ የሠርግ እልልታ፣ በደራሮ ጊዜ የሚሰማው የምስጋና ዝማሬ፣ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ የሕፃናት ጩኸት፣ እነዚህ ሁሉ አብሮ የመኖር ድምፆች ናቸው። ከሁሉም በላይ ኢያሪኮ መንገድ ዳር ተቀምጦ የነበረውን ዕውሩን በርጤሜዎስን እናስብ። ሕዝቡ ዝም እንዲል ገሠጸው፤ እርሱ ግን አብዝቶ ጮኸ፤ ጌታም ቆሞ አስጠራው (ማር. 10፡46-52)። ስለዚህ ስለ ጸጥታ የሚያስተምር ሁሉ ይህን ታሪክ ባይረሳ መልካም ነው። የተቸገረን ሰው «አትጩህ» ማለትም ከስድነት የሚቆጠርበት ጊዜ አለና።

እንግዲህ መለያው ምንድር ነው? ዓይን ክዳን አለው፤ ማየት ያልፈለገ ይጨፍናል። ጆሮ ግን መዝጊያ የለውም። ስለዚህ ድምፃችንን ወደ ሌላው ቤት በላክን ጊዜ፣ ያ ሰው ሊከለክለን በማይችልበት በር እንገባበታለን። የሚጎዳውም ሁልጊዜ አቅም የሌለው ነው። ባለጠጋው ቤቱን ከመንገድ አርቆ በግንብ ይሠራል፤ በጭቃ ግድግዳና በቆርቆሮ ጣራ ሥር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ግን መጠጥ ቤቱ ከአጠገቡ በተከፈተ ዕለት የሌሊት ዕረፍቱን ያጣል። ሲነጋ ቡና ለቀማ የምትወርደው እናት፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያጠናው ልጅ፣ ከሐኪም ቤት ወጥቶ የሚያገግመው በሽተኛ፣ አራስዋ፣ የሌሊት ጥበቃ አድሮ በቀን የሚተኛው ዘበኛ፤ የእነዚህን ሰዎች እንቅልፍ የወሰደ ሰው በገንዘብ የማይተካ ነገር ወስዷል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ይህ ነገር በትምህርታችሁ ውስጥ የት እንደሚገባ ብትጠይቁ፣ ከአምስተኛውና ከሰባተኛው ትእዛዝ ሥር አኑሩት እንላለን። «አትግደል» የሚለው ትእዛዝ የባልንጀራን ጤና መጠበቅን ይጨምራል፤ «አትስረቅ» የሚለውም በሣንቲም በሚቆጠር ነገር ብቻ አያበቃም። ብዙ ሰው ጨዋነትን ለሥነ ሥርዓት ሲባል የሚደረግ፣ ከእምነት ውጭ ያለ ጌጥ አድርጎ ያየዋል። በእኛ አስተያየት ግን ነገሩ የፍትሕ ጉዳይ ነው።

የጌዴኦን ገበሬ ማሳ የተመለከተ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ረጃጅሞቹ ዛፎች፣ ቡናውና እንሰቱ በአንድ መሬት ላይ ተቀራርበው ይኖራሉ፤ ዛፉ ለቡናው ጥላ ይሰጣል፣ የወደቀው ቅጠል አፈሩን ያለማል። ጥላው እጅግ ሲበዛ ግን ገበሬው ወጥቶ ቅርንጫፉን ይመለምላል፤ ከሥር ላለው ብርሃን እንዲደርሰው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው በዚህ ዓይነቱ አብሮ የመኖር ጥበብ ጭምር ነው። በማሳው ላይ ያለው ይህ መመጣጠን ከማሳው ወደ ከተማ በመጣው ልጅ መንገድ ላይ የማይታይበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ ወላጆች ቢያስቡበት ይገባል።

ሕጉም በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደረጃ እንዲወጣላቸው ካዘዘባቸው ነገሮች መካከል ድምፅ ይገኝበታል። በአገራችን የወጣው ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይላል፤ ሌሊት የሚባለውም ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው ነው። ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ሲሆን፣ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲነጋገሩ የሚያሰሙት ድምፅ 60 ገደማ ይሆናል። እንግዲህ በሌሊት ወደ ጎረቤት እንዲደርስ የተፈቀደው ከተራ ጭውውት ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ደግሞ ሰው ደኅና እንቅልፍ ይተኛ ዘንድ በመኝታ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመክራል። ለእንቅልፍ እጦት ደግሞ የደም ግፊትና የልብ ሕመም እንደሚከተሉት ሐኪሞች ይናገራሉ። ያለፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ከተሞችን ለጤና የማይመቹ ካደረጓቸው ነገሮች መካከል ጩኸትን አንሥተዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። የሌሎችን አብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶችን ድምፅ ማጉያ መቁጠር የእኛ ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ የራሳችን ጸሎት ቤት ቀንድ ወዴት እንደ ዞረ መመልከት ነው። «ነገር ግን የምናሰማው የእግዚአብሔር ቃል ነው» የሚል ይኖራል። መጽሐፈ ምሳሌ ለዚህ ሰው አስቀድሞ መልስ ሰጥቷል፤ በማለዳ ተነሥቶ በታላቅ ድምፅ ጎረቤቱን የሚመርቅ ሰው ምርቃቱ እንደ እርግማን እንደሚቆጠርበት ይናገራል (ምሳ. 27፡14)። ጠቢቡ ይህን የጻፈው ኤሌክትሪክ ባልነበረበት፣ ሰው በገዛ ጉሮሮው ብቻ በሚጮህበት ዘመን መሆኑ ያስደንቃል። ነቢዩ ኤልያስም በኮሬብ ተራራ እግዚአብሔርን በዐውሎ ነፋሱ፣ በምድር መናወጡና በእሳቱ ውስጥ አላገኘውም፤ ፊቱን በመጎናጸፊያው የሸፈነው ከዚያ ሁሉ በኋላ ቀጭን ድምፅ በሰማ ጊዜ ነበር (1ኛ ነገ. 19፡11-13)። በአንጻሩ የኤፌሶን ሰዎች ለአማልክታቸው ሁለት ሰዓት ያህል ሲጮኹ እንደ ቆዩ፣ ከመካከላቸውም አብዛኞቹ ስለ ምን እንደ ተሰበሰቡ እንኳ እንደማያውቁ ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል (ሐዋ. 19፡32-34)። የድምፅ ብዛት የእምነት ማስረጃ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቀን ኤፌሶን በበለጠች ነበር።

ከጩኸት ይልቅ የሚከፋው ግን ስድ አነጋገር ነው። አማርኛችን አንድን ሰው «ስድ» ሲለው የተለቀቀ፣ ልጓም የሌለው ማለቱ ነው። ሐዋርያው ያዕቆብም ስለ አንደበት ሲያስተምር በፈረስ አፍ የሚገባውን ልጓም ምሳሌ ማድረጉ ከዚህ ጋር ይገጥማል (ያዕ. 3፡3)። በመናኸሪያ የሆነውን ማየት ይበቃል። ቆጮ በጀርባቸው አዝለው ከገጠር የመጡ እናት ሒሳብ ስለ ጠየቁ ብቻ የልጅ ልጃቸው በሚሆን ረዳት ይሰደባሉ። ተሳፋሪው ይሰማል፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ ሌላው ወደ መስኮት ይዞራል። እኚያ እናት በሠፈራቸው «እማማ» እየተባሉ የሚከበሩ፣ ምክራቸው የሚሰማ ሰው ናቸው፤ ከመናኸሪያው በር ሲገቡ ግን ክብራቸውን ውጭ ጥለው የገቡ ይመስል ይገፈተራሉ። ኦሪት በሽበታም ፊት ተነሥቶ ሽማግሌን ማክበርን እግዚአብሔርን ከመፍራት ጋር በአንድ ትእዛዝ ማሰሯን (ዘሌ. 19፡32) የምናስተምራቸው ወጣቶች ሊያውቁት ይገባል።

ሁለተኛው በመንገድ ላይ በሴቶች ልጆች የሚፈጸመው ለከፋ ነው። ዲላ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች ይኖሩባታል። አንዲት ልጅ ከትምህርት ወደ ማደሪያዋ ስትሄድ ከመንገድ ዳር የሚወረወርባት ቃል፣ እጅዋን የሚጎትታት ሰው፣ መልስ ባትሰጥ ደግሞ የሚከተላት ስድብ «ጨዋታ» ተብሎ ሊታለፍ አይችልም። ጨዋታ ሁለቱም ወገኖች የሚስቁበት ነው። ይህች ልጅ ግን መንገድዋን ትቀይራለች፣ ሳይመሽ ለመግባት ትቸኩላለች፣ ከቤተ መጻሕፍትም ከምሽት ጸሎትም ትቀራለች። የሁሉም የሆነው መንገድ ለእርስዋ ተዘጋባት ማለት ነው።

ሦስተኛውን በፍርሃት እናነሣዋለን። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ ቦታዎች በተነሣው ግጭት በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቤታቸው ተፈናቅለው በትምህርት ቤቶች፣ በአብያተ ክርስቲያናት ግቢና በመጠለያ ድንኳኖች ሰንብተዋል። የዚያ መከራ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ በስድብ ብቻ መጣ አንልም። ነገር ግን ያን ያየ ሕዝብ በገበያ ግፊያ ወይም በመኪና ወረፋ መካከል ሰውን በወገኑ ስም መስደብን እንደ ተራ ቁጣ ሊያየው አይገባም። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ተናጋሪው በማግስቱ ቢረሳውም ሰሚው ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል፣ ለልጆቹም ያወርሰዋል። ጌታችን ወንድሙን በንቀት ቃል የሚጠራውን ሰው ከነፍሰ ገዳይ ጋር በአንድ ትምህርት ውስጥ የፈረጀው (ማቴ. 5፡21-22) የቃልን መጨረሻ ስለሚያውቅ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? በተራችን እንጩህ? የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሐሳብ ይህ ነው፤ ሌሊት በቁጣ ተነሥቶ የጎረቤትን በር መደብደብ። ጌታ ያሳየን መንገድ ግን ሌላ ነው። የበደለንን ሰው ብቻውን አግኝተን በእርሱና በእኛ መካከል እንድንነግረው፣ ባይሰማን አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘን እንድንመለስ፣ ከዚያም ወደ ማኅበሩ እንድናደርሰው አዝዟል (ማቴ. 18፡15-17)። ይህ ትእዛዝ ለመንገድ ጩኸት ሲተረጎም ቀላል ነው። በማግስቱ፣ መጠጥ ቤቱ ገና ሳይከፈት፣ ባለቤቱ በረንዳውን በሚጠርግበት ሰዓት እንሂድ፤ ሰላምታ እንስጥ፤ «ከቤታችን በሽተኛ አለብን፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ዝቅ ቢያደርጉልን» ብለን እንለምን። ብዙው ሰው ድምፁ የት ድረስ እንደሚሰማ በእውነት አያውቅም።

በዲላ የሚያገለግለው የሳሌዢያን ማኅበር መሥራች የቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ (1815-1888 እ.ኤ.አ.) ሕይወት በዚህ ጉዳይ ከሁለት ወገን ያስተምረናል። በጣልያን አገር በቶሪኖ ከተማ ድኻና ሥራ ፈት ልጆችን መሰብሰብ በጀመረ ጊዜ፣ ከደረሰበት ፈተና አንዱ የጎረቤቶች አቤቱታ ነበር። ከወፍጮ ቤቶቹ ሠፈር በልጆቹ ጩኸት የተነሣ እንዲለቅ ተደረገ፤ በመቃብር ስፍራ ካለው ጸሎት ቤትም እንዲሁ ተባረረ፤ የተከራየው ሜዳ ባለቤቶችም ሣሩ በልጆቹ እግር አለቀ ብለው አስወጡት። በመጨረሻ በ1846 እ.ኤ.አ. በትንሣኤ ዕለት በቫልዶኮ አንዲት ዝቅተኛ መጠለያ አግኝቶ ገባ። ጎረቤቶቹ ክፉዎች ነበሩ ማለት አያስፈልግም፤ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች በደጃችን ቢሯሯጡ እኛም እናማርር ይሆናል። ቅዱሱ ግን ልጆቹንም አልበተነም፣ ጎረቤቶቹንም ጠላት አላደረገም፤ ልጆቹ ያለ ሥጋት የሚጮኹበትን ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ተንከራተተ። ወጣቱ መንገድ ዳር ቆሞ አላፊውን የሚለክፈው አንዳንድ ጊዜ ሌላ የሚቆምበት ስፍራ ስላጣ ነውና፣ የቁምስና ግቢያችን ከቅዳሴ በኋላ ለምን እንደሚቆለፍ እዚህ ላይ እንጠይቃለን።

ከዚያ በፊትም፣ ቦስኮ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለ ያየው ሕልም የታወቀ ነው። ሲጫወቱ የሚሳደቡ ልጆችን አይቶ በቡጢ ሊያስቆማቸው በመካከላቸው ገባ፤ በሕልሙ የተገለጠለት ክቡር ሰው ግን በቡጢ ሳይሆን በየዋህነት ወዳጆቹ እንዲያደርጋቸው አዘዘው። በጌዴኦ ሶንጎ የሚቀመጡ ሽማግሌዎችም ይህን ጥበብ ያውቁታል። በሶንጎ ሰው ተራውን ጠብቆ ይናገራል፣ የተቆጣም ቢሆን ይደመጣል፣ ነገሩ እስኪበርድ ጊዜ ይሰጠዋል። የመንደር ጩኸትና የጎረቤት ጠብ ወደ ክስ ከመድረሱ በፊት በዚያ ቢታይ የሚቀና አይደለንም፤ ደስ ይለናል እንጂ።

ሆኖም የዋህነትን ከዝምታ ጋር አናደባልቅ። የተሰደቡትን እናት «ይቻሉት»፣ የተለከፈችውን ልጅ «አንገትሽን ደፍተሽ እለፊ» ብሎ መምከር የክርስትና ትዕግሥት አይደለም፤ ትዕግሥት ለራስ የሚመረጥ እንጂ በሌላው ላይ የሚጫን ሸክም አይደለምና። በመኪናው ውስጥ ከተሳፈርነው መካከል አንዱ «ተው፣ ወንድሜ፣ እናትህ ናቸው» ቢል፣ ሁለተኛው ቢደግመው፣ ረዳቱ ከሳቁት ይልቅ እነዚህን ያስባል። ለልመናም ለሽማግሌም እንቢ ያለ ሰው ቢገኝ ደግሞ ወደ ቀበሌ ወይም ወደ ፖሊስ መሄድ ከወንጌል ጋር አይጋጭም። እጅን አንሥቶ ሴትን ለሚጎትት ሰውማ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ መጠበቅ አያስፈልግም።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2020 እ.ኤ.አ. በጻፉት «ሁላችሁም ወንድማማቾች ናችሁ» በተሰኘው መልእክት ደግነት በከንቱ የሚታይ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ያስተምራሉ፤ «ይቅርታ» እና «አመሰግናለሁ» የመሳሰሉትን ቃላትም በምሳሌነት ያነሣሉ። ሕፃናትን ለመጀመሪያ ቁርባን የምታዘጋጁ መምህራን እነዚህን ቃላት ከጸሎቶቹ ጋር ብታስጠኑ አይከብዳችሁም። ለምሥጢረ ንስሐ የኅሊና ምርመራ ሲደረግም ባለ ባጃጁን ስለ ጥሩምባው፣ ነጋዴውን ስለ ሞንታርቦው፣ ወጣቱን በታክሲ ውስጥ ስለሚከፍተው ስልክ ጠይቁት። ምናልባት ይህን ከኃጢአት ቆጥሮ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅ ይሆናል።

የልደትና የትንሣኤ ሌሊቶችም በየዓመቱ ይመጣሉ። ቁምስናዎች ከበዓሉ ሦስት ወይም አራት ቀን አስቀድመው ሁለት ሰው መርጠው በአጥር ዙሪያ ወዳሉት ቤቶች፣ ወደ ሌላ እምነት ተከታዮች ቤት ጭምር፣ ይላኩ፤ ሥርዓቱ ስንት ሰዓት ተጀምሮ ስንት ሰዓት እንደሚያበቃ ይንገሩ፤ የታመመ ወይም ሐዘን የተቀመጠ ካለ ይጠይቁ። እንዲህ ያለ ቤት ከተገኘ ድምፅ ማጉያው ወደ ውስጥ ይዙር፤ ውጭ ላለው ሰው በዚያች ሌሊት ደወሉ ይበቃዋል።